በዲፕስሉት የታሰሩት ልዑላን

ልጅ እያለሁ ብዬ ወሬ ስጀምር የሚስቁብኝ አሉ። «አንተ ደግሞ መቼ ጎረመስክና!» ይሉኛል፣ የጅምላ መጋዘኑ በር ላይ ተሰልፈን ስንጠብቅ። እውነታቸውን ነው፤ ጢሜ ገና መብቀሉ ነው። ግን በኮሮና ጊዜ ጆሃንስበርግ ውስጥ ልጅ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያኔ ልጅነት በዕድሜ አልነበረም የሚያልቀው። ዛሬም ባንኮኒው ሥር የቀረ አሮጌ ሳኒታይዘር ስከፍት፣ ያ የአልኮል ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ፣ ክዳኑን መልሼ እገጥማለሁ።

ሮዘተንቪል የሚባል ሰፈር በተከራየነው ቤት አራት ወንዶች ነበርን፦ አባባ፣ እኔ፣ የስድስት ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ናቲ፣ እና ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየው ጋሽ ሎምበሶ። እማማ እናቷን ልትጠይቅ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ፣ እንደሄደች ሰማዩ ተዘጋ፤ አውሮፕላን የለም። ትምህርት ቤትም ተዘጋ። ጋሽ ሎምበሶ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ብርድ ልብስ የሚሸጥ ሰው ነበርና መዞር ሲከለከል ሥራ ፈታ። አባባ ደግሞ ዕቃም ሆነ ሰው ያለ ሥራ ተቀምጦ ማየት አይወድም። «እንግዲያው ልጆቹን አስተምርልኝ» አለው።

ችግሩ፣ ጋሽ ሎምበሶ ዱራሜ አጠገብ ሚሲዮን ቤት ሲያድግ በልቡ የያዛት አንዲት መጽሐፍ ብቻ ነበረች። ሽፋኗ የተገነጠለ፣ ስለ እንግሊዝ ነገሥታት የምታወራ። ሒሳብ ስንለው ነገሥታት፣ ሳይንስ ስንለው ነገሥታት። የሰኔ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት በዚህ አገር፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ጓሮው ግድግዳ ላይ ስታርፍ ጀርባችንን ለሙቀቷ ሰጥተን እንቀመጣለን። የጎረቤት ቋሊማ ሲጠበስ እየሸተተን፣ ስድስት ሚስት ስላገባው ንጉሥ፣ አንገቷ በሰይፍ ስለተቀላው ንግሥት እንሰማለን። ያ ንጉሥ ሰውን በላብ አጥምቆ የሚገድል ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው ይሸሽ ነበር አሉ። «አያችሁ፣ እሱም ሎክዳውን ገብቷል» ይለናል ጋሽ ሎምበሶ፣ የራሱን ቀልድ ቀድሞ እየሳቀ።

ጨዋታችንም ንግሥና ሆነ። የፕላስቲክ የዳቦ ሣጥን ገልብጠን ዙፋን፣ የቺፕስ ማሸጊያ ውስጡን ወደ ውጭ አዙረን የብር ዘውድ። ናቲ ሁልጊዜ ንጉሥ ነው። እኔ ሁልጊዜ ግብር ሰብሳቢ። ነጋዴነቱ ያኔ ነው የጀመረኝ።

አንድ ቀን ጋሽ ሎምበሶ የሁለቱን ልጆች ታሪክ ነገረን። ንጉሥ ኤድዋርድ ድንገት ታምሞ ሞተ። ሁለት ወንድ ልጆች ነበሩት፤ ትልቁ እኔን ያክላል፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። አጎታቸው ሪቻርድ ሞግዚታቸው ሆነ። ትልቁን ለደኅንነቱ ብሎ ለንደን ያለው ግንብ ውስጥ አስገባው። ትንሹ ከእናቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ተጠግቶ ነበርና እሱንም ከእናቱ እጅ ተቀብሎ ወንድሙ ጋ ጨመረው። መጀመሪያ ሰሞን ግቢው ውስጥ ሲጫወቱ ሰው ያያቸው ነበር። ቆየት ብሎ በመስኮት ብቻ። ከዚያ ጭራሽ አልታዩም። የከተማው ታላላቅ ሰዎች መጥተው አጎትየውን ዘውዱን ውሰድ አሉት፤ ወሰደ።

«ልጆቹስ?» አልኩት።

«እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።»

«ገደላቸው?»

«የሚያውቅ የለም አልኩህ እኮ፣ ቢኒዬ!»

ናቲ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ «ራት ይሰጧቸው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ሎምበሶ አሰብ አድርጎ «እሱን አልጻፉትም» አለ። ያን ቀን ሳቅን።

አባባ ማሳል የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አለ፣ ቀጥሎ ዝንጅብል አፈላ፣ ቀጥሎ የበራፋችንን ደረጃ መውጣት አቃተው። ነጭ ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች በአምቡላንስ መጡ። የአባባ ታናሽ ወንድም ጋሼ ማርቆስ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ዲፕስሉት የሚባል የድሆች ሰፈር ያለውን ሱቃችንን የሚያሠራው፣ ሲበር መጥቶ በር ላይ ደረሰ። መጠጋት አይቻልም። አባባ ከተኛበት ቃሬዛ ላይ ማስኩን ዝቅ አድርጎ «ማርቆስ፣ ልጆቼን አደራ። ሱቁንም ያዝ» አለው። ሁሉም ሲያለቅስ እኔ ደርቄ ቀረሁ። ይህን ነገር ሰምቼዋለሁ። ንጉሡ ታሟል፤ ወንድሙ ልጆቹን ተረክቧል።

ጋሽ ሎምበሶ ክፍሉ ውስጥ ተዘግቶ እንዲቆይ ታዘዘ። እኛን የሚይዝ ሌላ ሰው ስላልነበረ ጋሼ ማርቆስ በማስክ ላይ ማስክ ደርቦ፣ የመኪናውን መስኮት ሁሉ ከፍቶ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ወደ ዲፕስሉት ወሰደን። «እዚያ ነው የሚሻላችሁ» አለ። ሪቻርድም ያለው ይህንኑ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ።

ሱቁን ለማታውቁት፦ ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ከባንኮኒው እስከ ጣሪያው ወፍራም ብረት። ዳቦ የምታሳልፍ አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለችው፣ ደንበኛ እጁን በእሷ አስገብቶ ከፍሎ ዕቃውን ይወስዳል። ዲፕስሉት ውስጥ በሽጉጥ የሚመጣ አይጠፋምና ብረቱ ቢበዛ አይፈረድም። ግን ሌባ እንዳይገባ የተሠራ ነገር ሰው እንዳይወጣም ይሠራል። ከኋላ በበቆሎ ዱቄት ጆንያዎች መሀል ፍራሽ ተነጠፈልን። እዚህ ፓራፊን የሚሉት የላምባ፣ የባር ሳሙናና የዱቄት ሽታ እስከ ዛሬ አንድ ላይ ከመጣብኝ ዞር ብዬ በሩን አያለሁ።

አባባ ከሆስፒታል በየቀኑ ይደውል ነበር። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። አንድ ቀን አልደወለም። በማግስቱም አልደወለም። ጋሼ ማርቆስ ስልኬን ከእጄ ወስዶ «ተበላሽቷል፣ አሠራልሃለሁ» አለኝ። በደንብ ይሠራ ነበር። ከእማማ ጋር ላውራ ስለው «ኔትወርክ የለም» ይለኛል፤ እሱ ግን ፍሪጁ ጀርባ ቆሞ ያወራል፣ ስጠጋ ይዘጋል። አጠገባችን ሱቅ ያለው ያገራችን ሰው መጥቶ በብረቱ በኩል ተንሾካሾከለት፤ ሲሄድ እኔንና ናቲን ጊዜው እንዳለፈበት ዕቃ ቁልቁል አየን።

የባሰ የፈራሁት ምግቡን ነው። ጋሼ ማርቆስ ከተጠበሰ እንቁላል የዘለለ ሙያ የለውም። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ከዮቪል፣ ከሮዘተንቪል፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እንጀራና ዶሮ ወጥ መላክ ጀመሩ። በአዘቦት ቀን ዶሮ! አባባ «ያለምክንያት የሚረክስ ዕቃ የለም» ይል ነበር። ስለዚህ ዘዴ ዘየድኩ። ናቲ ከመንካቱ በፊት ከየወጡ ጠቅልዬ «ጋሼ፣ እንካ ጉርሻ» እላለሁ። እሱ ይጎርሳል፤ እኔ ፊቱን እያየሁ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ቀን ያን ጉርሻ አፉ ውስጥ ይዞ ዓይኑ እንባ ሞላ። መርዙ ሠራ ብዬ የናቲን እጅ ያዝኩ። እሱ ግን ጭንቅላቴን ዳሰሰና «አንተ የወንድሜ ልጅ» ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሱፍ ልብስ ለብሶ ተነሳ። ጎረቤቱን ሱቁ ላይ አስቀምጦ «ዕቃ ላመጣ ነው» አለ። ዕቃ ሊገዛ ሱፍ የሚለብስ ነጋዴ እኔ አላየሁም። ሲመለስ መኪናው ባዶ ነው። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ አፈር። አንድ የታሸገ ፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ገብቶ ጆንያ ጀርባ ወሸቀው፤ በፕላስቲኩ ውስጥ የአባባ ቡናማ ጃኬት ታየኝ። ሂሳቡን ሠራሁ፦ ጃኬቱን ወርሷል፣ አፈሩን ቆፍሯል፣ ጉድጓዱ ለማን እንደተዘጋጀ ግልጽ ነው።

በዚያች ከሰዓት በየቀኑ ዳቦ የምትገዛን አሮጊት ደንበኛ መጣች፤ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ፣ ይላታል። ጋሼ ማርቆስ ፓራፊን ሲቀዳ በቀዳዳዋ በኩል አፌን አስጠግቼ «ጎጎ፣ አጎቴ ሊገድለን ነው፤ ወንድሜን ውሰጂው» አልኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ማስኳን ወደ ዓይኗ ስባ «ሼም፣ ማይ ቦይ፣ ሼም» እያለች አለቀሰች፤ መንደሪን በቀዳዳዋ አቀበለችኝና ሄደች። እንግዲህ እዚህ አገር እንዲህ የሚሉት ላዘኑለት ሰው ነው። ስለዚህ ጎጎም ታውቃለች አልኩ። ዲፕስሉት በሙሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ናቲ ብቻ ነው። እሱማ በዱቄት ጆንያ ላይ ፈረስ ይጋልባል፣ ጁስ ይጠጣል፣ አባባ ሲመጣ የሚያሳየውን ዝላይ ይለማመዳል።

በሚቀጥለው ቀን ማለዳ፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ብረቱ ተንኳኳ። በቆርቆሮው ሽንቁር አየሁ። ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ ማስክ ያሰሩ ሦስት ሽማግሌዎች ተራርቀው ቆመዋል፣ ልክ ዳቦ ሊገዛ እንደተሰለፈ ሰው። ፊተኛው የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ነው። ታላላቆቹ ሰዎች መጡ። ዘውዱን ውሰድ ሊሉት።

ናቲን ከነብርድ ልብሱ ጎትቼ ከጆንያዎቹ ጀርባ ከተትኩትና የዓሣ ቆርቆሮ አንስቼ ፊቱ ቆምኩ። ጋሼ ማርቆስ ቁልፉን ማስገባት አቅቶት ሲያንኳኳው ይሰማኛል። በሩ ተከፈተ። ወንጌላዊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጆቹን አምጣቸው» አለ።

«አንሰጥም!» ብዬ ጮኽኩ። «አንተ ሪቻርድ! አንነካም!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው «ሪቻርድ ማን ነው?» አለ። ወንጌላዊው መራራቁን ረስቶ መጥቶ ከፊቴ በርከክ አለ። «ልጄ፣ ማንም አይነካችሁም። አባታችሁን ጌታ ወስዶታል» አለኝ። ይህን ጊዜ ከጀርባው እንዲያ ያለ ድምፅ ሰማሁ፣ ከሰው ይውጣ ከእንስሳ ያልለየሁት። ጋሼ ማርቆስ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ይላል። አፉን በእጁ አፍኖ የከረመ ሰው ሲለቀው እንዲህ ነው። ቆርቆሮው ከእጄ መቼ እንደወደቀ አላውቅም።

ነገሩ የገባኝ ውሎ አድሮ ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በሽማግሌ፣ በማለዳ፣ ሰው ባለበት ነው። እማማ ሆሳዕና ስለሆነች፣ እሷ ከእኛ ወይ እኛ ከእሷ በስልክ እንዳንሰማ፣ በሁለቱም አገር በአንድ ማለዳ እንዲነገር ተቀጥሮ ነበር። ሽማግሌ ለማሰባሰብ ደግሞ ሎክዳውን ነው፤ አንዱ ታሟል፣ አንዱ ተዘግቶበታል። እስከዚያ አባባን የቀበረው ጋሼ ማርቆስ ብቻውን ነው፣ በዚያች ሱፍ። ተመልሶ ጫማውን ሳይጠርግ ዳቦ ሸጠ። ለጎጎ የነገራት እሱ ራሱ ነበር። ለእኛ ለማይነግሩን ሰዎች ብቻ ነበር ሊነግር የሚችለው። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ዛሬ መርዶ ቀሏል። ሰው አገር ቤት አርፎ ሬሳው ሳይገነዝ ፎቶው ከሻማ ሥዕል ጋር ዋትሳፕ ላይ ይለጠፋል። የሟቹ ልጅ እዚህ ሱቁ ውስጥ በአንድ እጁ መልስ እየመለሰ በሌላው ስልኩን ይዞ ያየዋል፤ ከፊቱ ደንበኛ «ማይ ፍሬንድ፣ ቶሎ በል» ይለዋል። ሽማግሌ የለ፣ ማለዳ የለ። እኔ ራሴ የአክስቴን ሞት ኤርታይም፣ የስልክ ካርድ፣ እየሸጥኩ ነው ያነበብኩት። የሚሸሽጉልን ሰዎች እያሉ ሸሸጉብን ብለን ፈራናቸው፤ አሁን የሚሸሽግልን የለም፣ ሁሉንም እናውቃለን።

በቀደም እሑድ ጋሼ ማርቆስ ከሚስቱ ጋር እማማ ዘንድ ምሳ መጥቶ የዚያ ክረምት ወሬ ተነሳ። ናቲ አሁን ቁመቱ ሊደርስብኝ ነው፤ ትከሻዬን ገፋ አድርጎ «ለእኔ እኮ አሪፍ ጊዜ ነበር» አለ። «ትምህርት የለ፣ ጁስ እንደልብ፣ ማታ ማታ ጋሼ ማርቆስ፣ አባባ ሲድን የት የት እንደሚወስደን ይነግረን ነበር።» ጋሼ ማርቆስ የያዘውን ሳይጎርስ መልሶ አስቀመጠ። እማማ ውሃ ልታመጣ ተነሳች።

እኔ ቀና ማለት አቃተኝ። በእነዚያ ቀናት ለናቲ አባባ በሕይወት ነበር። ጋሼ ማርቆስ አባታችንን ቀብሮም ለሁለታችን እኩል አድርጎ በሕይወት አቆይቶልን ነበር፤ የእኔን ድርሻ ፍርሃት በላብኝ።