የተቆረጠው የአርዴሊያ ፍቅር

ድምፅ አልባው ፊልም አፍ ከፈታ ወዲህ ጥቁሯ ተዋናይ አርዴሊያ ፕሩዊት ሥራ አላጣችም። በፍቅር ኮሜዲዎቹ ውስጥ ነጯ ወይዘሪት ከወዳጇ ስትጣላ የሚያጽናናት ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው አርዴሊያ ናት። ሽርጧን ታጥቃ፣ ሻይ ይዛ ትገባና «ተይው እመቤቴ፣ ይመለሳል» ትላለች። እውነትም ይመለሳል። እነሱ ሲሳሳሙ እሷ በሩን ዘግታ ትወጣለች።

የራሷ ባል ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በሎስ አንጀለስ የጥቁሮች ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች። የቤተ ክርስቲያን እህቶቿም ፊት ነስተዋታል።

«እናቶቻችን በሰው ቤት ያዩት መከራ አንሶ፣ አንቺ ደግሞ መሳቂያ ታደርጊው?» አለቻት አንድ ቀን እህት ቶሊቨር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አርዴሊያ አንገቷን ደፋች።

ከዚያ አንድ ደራሲ ምን እንደታየው እንጃ፣ ለሠራተኛዋም ፍቅር ጻፈላት። ትዕይንቷ ሁለት ደቂቃ ብትሆን ነው። ሾፌሩን የሚጫወተው ሉሺየስ ግሬይ የሚባል፣ ጠጉሩ ሸበት ያለ ጥቁር ተዋናይ ነበር። ወጥ ቤት ገብቶ ባርኔጣውን ያወልቅና፣ «አንቺ ሴት፣ የሰው ፍቅር ስትጠግኚ የራስሽን መቼ ልታስቢ ነው?» ይላታል። ከዚያ በምድጃውና በጠረጴዛው መካከል ይደንሳሉ። በቀረጻው ቀን እጁ ወገቧ ላይ ሲያርፍ አርዴሊያ ትወና ላይ መሆኗን ረሳችው።

ሉሺየስ ሥራ አግኝቶ ቺካጎ ሄደ። ፊልሙ ሰፈራቸው ሲኒማ ቤት ሲመጣ አርዴሊያ እህቶቹን ሁሉ ጠራች። «ዛሬ ሻይ አላቀርብም፤ ስወደድ ታዩኛላችሁ» አለቻቸው። ደስ ብሏት አዲስ ቀሚስ ለበሰች።

ፊልሙ ጀመረ። ወይዘሪቷ አለቀሰች። አርዴሊያ ሻዩን አቀረበች፣ በሩን ዘጋች። አሁን ወጥ ቤቱ መምጣት ነበረበት። የመጣው የወይዘሪቷ ሠርግ ነው።

መብራት ሲበራ እህት ቶሊቨር ዞር ብላ፣ «ወዳጅሽ የታለ? ወይስ ያፈቀረሽ የሻይ ትሪው ነው?» አለች። ሌሎቹ ሳቁ።

አርዴሊያ ፊልሙን ወደሚያሳየው ሰው ሮጠች። «ምነው ቆረጥክብኝ?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ፣ እህቴ? እንዲሁ ነው የመጣልኝ። ጥቁር ለጥቁር ሲፋቀር የማያሳዩ ሲኒማ ቤቶች አሉ፤ ለእነሱ ብለው ነው መሰለኝ ሠሪዎቹ ከሁሉም ቅጂ ያወጡት።»

ቤቷ ስትደርስ ከበሯ ሥር ፖስታ አገኘች። ከሉሺየስ ነው። «ፊልማችን ሐሙስ እዚህ ሊታይ ነው። ወንድሞቼን፣ ጎረቤቶቼን፣ ፀጉር አስተካካዬን ሳይቀር ጠርቻለሁ። ያቺን ወጥ ቤት አልረሳኋትም።»

ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ ጻፈች፦ «ማንንም አትጥራ። እኛን አውጥተውናል። ያቺን ወጥ ቤት እኔም አልረሳኋትም።» ሮጣ ፖስታ ቤት አደረሰችው።

መልሱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ።

«አርዴሊያ፣ ደብዳቤሽን ያገኘሁት ሐሙስ ማታ ከሲኒማ ቤት ስመለስ ነው።»

ከዚያ በታች ስሙ ብቻ አለ። የቀረ ነገር ይኖር እንደሆነ ብላ ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነበር።