አሥራ ሦስተኛዋ ሳምቡሳ

ኸይሪያ ነጋዴ ነች፤ ያውም የሐረር ነጋዴ! ከጀጎል የወጣ ዘመዷ ሁሉ ከዚህ ገዝቶ እዚያ ሲሸጥ ነው የኖረው። እሷም ባሕር ማዶ፣ ኮሎምበስ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ሱቅ ከከፈተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሌላ ሰው የሠራውን ታስመጣለች፣ ትሸጣለች፣ አለቀ።

ነገር የጀመረችው ኮሌጅ የገባችው ልጇ ሐዊ ናት። አንድ ቀን "ማሚ፣ ሲንጋፖር እኮ የንግድ ከተማ ነበረች። የሰው ዕቃ ማሻገር ብቻውን አያዛልቅም ብለው ፋክተሪ ከፈቱ" አለቻት።

"ታዲያ እኔ ከሲንጋፖር በምን አንሳለሁ?" አለች ኸይሪያ ሽንኩርት እየመዘነች።

ቀልዱ ቁም ነገር ሆነና በሦስተኛው ወር ኪችን ተከራየች። ፅጌረዳ የምትባል ቀልጣፋ ሠራተኛ ቀጥራ የምስር ሳምቡሳ እያሸገች ፍሪዘር ትሞላ ጀመር። ፖላሪስ የሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ትልቅ መደብር ለሙከራ ሁለት መቶ ካርቶን አዘዛት። ካለፈች ቋሚ ኦርደር፤ ከወደቀች ኪችኑን ዘግታ ወደ ድሮ ሱቋ።

በማስረከቢያው ቀን የመደብሩ ሰውዬ አንዱን ካርቶን መዘነው፤ ከበደ። ሌላውም ከበደ። ከፍቶ ቢቆጥር፣ አሥራ ሁለት የሚለው ካርቶን ውስጥ አሥራ ሦስት!

"እትዬ ኸይሪያ፣ ምርቃት ጨመሩበት እንዴ?" አለች ፅጌረዳ።

"እንዴታ! ወላሂ ሳልመርቅ ሸጬ አላውቅም!"

ሰውዬው የተጻፈውና ውስጡ ያለው ካልገጠመ አልረከብም አለ።

"ለመሆኑ ትርፏ ለምንድን ናት?" ሲል ኸይሪያን ጠየቃት።

"ተመልሰህ እንድትመጣ ነዋ!" አለችው ቆጣ ብላ።

ሰውዬው ሳቀ። "እንግዲያው አሥራ ሦስት ብለሽ ጻፊበት። ግን ሁሌም አሥራ ሦስት። አንድ እንዳትጎድል፣ አንድ እንዳትተርፍ።"

አዲስ ስቲከር አሳትመው፣ ሁለቱ ሴቶች እየሳቁም እየተነጫነጩም ሁለት መቶውን ካርቶን ለጥፈው አስረከቡ። በሳምንቱ ሰውዬው ኮል አደረገ፤ በየሳምንቱ ስምንት መቶ ካርቶን! ኸይሪያ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት ያሉት ጎማ ሻጮች ምን መጣ ብለው ወጡ። አልሐምዱሊላህ እያለች ፅጌረዳን አገላብጣ ሳመቻትና ወደ ሥራ ገቡ።

ኸይሪያ አሥራ ሦስት ቆጥራ ልታሽግ ስትል፣ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፣ እጇ አንድ ጨመረ። ፅጌረዳ ያዘቻት።

"እትዬ!"

"ኧረ ልቀቂኝ! ስምንት መቶ ያዘዘ ሰው እንዲሁ ይሸኛል?"

እያጉረመረመች ሳምቡሳዋን መልሳ አወጣቻት። ቀጣዩ ካርቶን ውስጥ አኖረቻትና "አንድ" ብላ መቁጠር ጀመረች።