በበጋ የጨመረው ወንዝ

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቼ ያገኘሁት ሥራ የወንዝ ከፍታ ማንበብ ነበር። ሀገረ ሕይወት ከተማ አጠገብ፣ ሁሉቃ ወንዝ ውስጥ ሳንቲሜትር የተጻፈበት የብረት ሰሌዳ ተተክሏል። ከእሁድ በቀር በየጠዋቱ ወርጄ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቁጥር ሲፈጥር ተይዞ ተባሯል። ይህን በቀጠረኝ ቀን የነገረኝ መሐንዲሱ ራሱ ነው።

መሐንዲሱ አጥብቆ የሚፈልገው የበጋውን ቁጥር ነበር። «ዝናብ በሌለበት ወር የሚፈሰው ሁሉ ከመሬት ሆድ የወጣ ነው» አለኝ። «ቀስ እያለ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።»

ታኅሣሥ ላይ ግን ጨመረ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አቧራው እየቦነነ፣ ውሃው ካለፈው ቀን አራት ጣት ከፍ ብሎ አገኘሁት። በማግስቱ ወረደ፤ በሳምንቱ ደግሞ እንደዚያው። ይህን ብጽፍ ማን ያምነኛል? ስለዚህ ከትናንቱ ቀነስ አድርጌ ጻፍኩ። እውነቱ ውሸት እንዳይመስልብኝ ዋሸሁ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መሐንዲሱ መጣ እያልኩ ወደ መንገዱ አይ ጀመር።

መጋቢት ላይ አንድ ቀን፣ የዕለቱን ሳላነብ፣ መሐንዲሱ ማልዶ መጣ። መዝገቡን አገላብጦ «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው የሚሠራው» አለና ወደ ወንዙ ይዞኝ ወረደ። ያን ዕለትም ውሃው ጨምሮ ነበር። መሐንዲሱ ሰሌዳውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

ከብት የሚያጠጡ አዛውንት ገበሬ «አከም ቡልተኒ» ብለው በኦሮምኛ እንደምን አደራችሁ አሉን። መሐንዲሱ ውሃው ለምን እንደጨመረ ጠየቃቸው።

«ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው፣ ጌታዬ» አሉት። «በአዘቦት ቀን ከላይ በቦይ ጠልፈን ሽንኩርት እናጠጣለን። በታቦት ቀን ማን ቦይ ይከፍታል?»

እኔ ከጅማ የመጣሁ ሙስሊም ነኝ፤ የወሩን ታቦት ቆጥሬ አላውቅም። ቦዩም ከወንዙ መታጠፊያ ወዲያ ስለሆነ አንድም ቀን ሄጄ አላየሁትም።

መሐንዲሱ መዝገቡን ገለጠ። ጣቱን ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ላይ፣ ከዚያ አሥራ ዘጠኝ ላይ፣ ከዚያ ሃያ አንድ ላይ አሳረፈ። ጥርንና የካቲትንም እንደዚሁ ፈተሸ። ሁሉም ጋ የጻፍኩት ከዋዜማው ያነሰ ነው።

«ሰው ያልነካው ውሃ የሚታየው በእነዚህ ቀኖች ብቻ ነበር» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «መሬቱ የሚሰጠውን የማውቀው በእነሱ ነበር።»

«ፈርቼ ነው ጌታዬ» አልኩት።

አላባረረኝም። «በል፣ የዛሬውን አንብብልኝ» አለ። ጎንበስ ብዬ አነበብኩለት። እሱም ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ ውሃው ውስጥ ገብቶ ራሱ አየው።