የአባባ መኪና አልነሣ ያለችበት ጠዋት

ዝናብ የመታው የሸራ ሽታ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ሲሸተኝ፣ አሰላ የነበረው ግቢያችን ዛሬም ድረስ ይመጣብኛል፤ ጭላሎ ጉም ለብሶ፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል ውኃ እያንጠባጠበ፣ የአባባ የጭነት መኪና ከነጭቃዋ ግቢው መሃል ቆማ። አባባ ያችን አሮጌ መኪና ከሌላ ሰው እጅ ገዝቷት፣ ከኦጎልቾና ከሲሬ ገበያ እህል እየጫነ ናዝሬት ያደርስባት ነበር። እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ታናሽ ወንድሜ ምትኩ ደግሞ ገና ሦስት ዓመቱ።

የመኪናዋ ችግር የጀመረው በጥቅምት፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ በነፋስ በሚተኛበት ሰሞን ነው። አባባ ማስነሻውን ሲጫን አንዳንድ ቀን ወዲያው ትነሣለች፣ አንዳንድ ቀን ዝም ትላለች። በጋው ላይ ለዚህ መላ አልጠፋም። ቤታችን ቁልቁለት አፋፍ ላይ ስለነበረ፣ አባባ አፍንጫዋን ወደ ታች አዙሮ፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አስደግፎ ያቆማትና፣ ጠዋት ጎረቤታችን ኦቦ ጀማል ከልጆቻቸው ጋር መጥተው «ዲባ! ዲባ!» እያሉ፣ ግፉ ግፉ ማለታቸው ነው፣ እኛም ከኋላ ተደግፈን አብረን እየገፋን፣ መኪናዋ ተንደርድራ፣ አጉረምርማ፣ ጭሷን ተፍታ ትነሣ ነበር። ለእኔ ይህ በየጠዋቱ የሚመጣ ጨዋታ እንጂ ብልሽት አይመስለኝም ነበር።

በዚያው በጋ አባባም ዝምተኛ እየሆነ መጣ። ሰው ከኋላው ሰላም ሲለው ሳይመልስ ያልፋል። እናቴ «ውኃ ላምጣልዎት?» ስትለው ጀርባውን እንደሰጣት ይቀራል፤ እሷም ሁለተኛ ሳትጠይቅ፣ ጣሳዋን እንደያዘች ቀስ ብላ ትመለስ ነበር። አንድ ቀን ለኦቦ ጀማል ሚስት «ጠልተውኛል መሰለኝ» ስትላቸው ከጓዳ ሰማኋት፤ ነገሩ ባይገባኝም፣ ያን ሰሞን ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ፊታቸውን እያየሁ እጨነቅ ነበር።

ክረምቱ ገብቶ፣ ሐምሌ ላይ፣ አንድ ጠዋት ምትኩ የአተር ቆሎ እያኘከ ሲሮጥ ወደቀና ትን አለው። ሳለ፣ ሳለ፣ ፊቱ ጠቆረ፤ ከዚያ ሳሉ ቆመለት፤ ግን በተነፈሰ ቁጥር ደረቱ ያፏጭ ጀመር። አባባ ጎንበስ ብሎ አየውና «አለፈለት፤ እንቅልፍ ሊወስደው ነው» አለ።

«እንዴት አለፈለት ይላሉ? ይኼ ፉጨት አይሰማዎትም?» ብላ እናቴ ጮኸችበት።

አባባ ከንፈሯን ትክ ብሎ አየ፤ ቀጥሎ መዳፉን የልጁ ደረት ላይ አኖረ። እንዳኖረም ፊቱ ተለወጠ። «ናዝሬት እንውሰደው» አለ፤ እንዲህ አየር ቧንቧ ውስጥ የቀረ ፍሬ የሚያወጣ ሐኪም የነበረው እዚያ ነው።

መኪናዋ ግን ጭነቷን ለማራገፍ ወደ እህል ማስቀመጫው በር ተጠግታ ሜዳው ላይ አድራ፣ ጎማዋ ጭቃ ውስጥ ሰምጧል። ኦቦ ጀማልና ልጆቻቸው ቢገፉ ቢገፉ እግራቸው ተንሸራተተ እንጂ አልተነቃነቀችም፤ በዚያ ዝናብ ደግሞ ሌላ መኪና አይገኝም። አባባ ማስነሻውን ተጫነ፤ ምንም የለም። መብራቱን አበራ፤ ቦግ አለ፤ ማስነሻውን ደግሞ ሲጫን እንኳ አልደበዘዘም። «ባትሪው ደህና ነው። የተቃጠለው ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ነው፤ እሱን አውርዶ ለመሥራት ቀን ይፈጃል» አለና ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። እኔ ምትኩን ታቅፌ ከጎኑ ተቀምጬ፣ የትንፋሹን ፉጨት እየቆጠርኩ ነበር።

እናቴ ከተከፈተው ኮፈን አጠገብ ዝናብ ላይ ቆማ ነበር። «ሲጫኑት ጠቅ ይላል እኮ» አለች። አልመለሰላትም። መጥታ በሩን ከፈተችና ትከሻውን ያዘች። «ጠቅ ይላል!»

«ምኑ ነው ጠቅ የሚለው?»

«በተጫኑት ቁጥር ጠቅ ይላል። እኔ ከዚያ ሆኜ ስሰማው እርስዎ...» አልጨረሰችውም።

«አይሰማኝም፣ አስካለ» አለ አባባ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከአምና ጀምሮ ነው። ሾፌሩ ደንቁሯል ከተባለ ማን እህሉን ይሰጠኛል ብዬ ደበቅሁ።»

እናቴ አልተቆጣችም። በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለትና፣ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ቃሉን ረገጥ እያደረገች «እንግዲያው እኔ እሰማልዎታለሁ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያለው በጉም ውስጥ እንደሚታይ ሆኖ ነው የሚታወሰኝ። አባባ ወረደ። «ጠቅ የምትለው ኤሌክትሪኩን ለሞተሪኖው የምትለቅለት ማገናኛ ናት። እሷ ከሠራች ብልሽቱ ከእሷ ወዲያ ነው» አለና፣ ሁለት ሽቦ የታሰረበት ትንሽ አምፖል ይዞ ከመኪናዋ ሥር ገባ። እናቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሾፌር ወንበር ላይ ወጥታ፣ እሱ በመዳፉ ብረቱን መታ መታ ሲያደርግ ማስነሻውን ትጫን ጀመር። አባባ አንዱን ሽቦ ሞተሪኖው ላይ፣ ሌላውን የመኪናዋ ሻንሲ፣ አካሏን በተሸከመው ብረት ላይ ሲያስነካ አምፖሉ በራ፤ ኤሌክትሪኩ ደርሷል። ሁለተኛውን ሽቦ ከሻንሲው አንሥቶ የሞተሪኖው አካል ላይ ሲያደርገው ጠፋ።

«አልተቃጠለም!» ብሎ ሲስቅ ሰማሁት። «የሄደው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው መመለሻ አጥቶ ነው!»

ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ የመዳብ ጥልፍ በዝናብና በጭቃ ዝጎ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ በሁለት ክር ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። አባባ በቦታው የባትሪ ገመድ ቁራጭ አሰረና፣ ሁለቱን ጫፍ አጥብቆ፣ ብረቱን መታ አደረገ። እናቴ ተጫነች። መኪናዋ ከነእኛ ተንቀጠቀጠች፤ ኦቦ ጀማል ከውጭ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ፤ ምትኩ ደንግጦ ዓይኑን ከፈተ።

ከጎማዋ ሥር ድንጋይና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተረባርበን አስገብተን ወጣን። እስከ ናዝሬት ድረስ ደመናው ከመንገዱ ጋር አብሮን የወረደ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሙ በረጅም መቆንጠጫ ያወጣት የአተር ፍሬ በውኃ አብጣ የጣቴን ጫፍ አክላ ነበር።

አባባ ከዚያ ወዲያ አልደበቀም። መስከረም ሲጠባ እናቴ በየገበያው ከጎኑ መቀመጥ ጀመረች፤ ከኋላ ጥሩምባ ሲነፋ ክንዱን ትነካዋለች፣ ሞተሩ የማታውቀው ድምፅ ሲያሰማ ድምፁን እያስመሰለች ትነግረዋለች። እህል ሰጪዎቹም አልቀሩበትም።

ዛሬ ያ መንገድ አስፋልት ነው፤ ምትኩም የልጅ ልጆች አይቷል። እኔና ባለቤቴ ጆሯችን ደህና ነው፤ ግን አንዱ ከጓዳ፣ አንዱ ከሳሎን ሆነን እየተጣራን፣ ቀኑን ሙሉ ሳንሰማማ የምንውልበት ጊዜ ብዙ ነው። እናቴ አባባን አንድ ነገር ልትነግረው ስትፈልግ የያዘችውን ሥራ አስቀምጣ፣ እጇን አደራርቃ፣ ሄዳ ፊት ለፊቱ ትቆም ነበር።