ማስክ የሸፈነው ግማሽ ፊቴ

መጀመሪያ ያወቅሁት ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ሳደርግ ነው። አፌን ስጉመጠመጥ ውኃው በቀኝ በኩል ፈሰሰ። እንቅልፍ ነው ብዬ ደግሜ ሞከርኩ። አሁንም ፈሰሰ። ፊቴን ስታጠብ ሳሙናው ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ለካ አልተከደነም።

ማስኬን አድርጌ ራይ ሠፈር ወዳለው ቢሮዬ ሄድኩ። ኩዌት የመጣሁት ለጽዳት ሥራ ነበር። ዐረብኛውንም ኮምፒውተሩንም በራሴ ስለተማርኩ ኩባንያው ወደ ሰው ኃይል ክፍል አዛወረኝ፣ በዚያው በጽዳት ደመወዜ። ኮሮና ሲመጣ አብረውኝ የሚሠሩት ሁለቱ አገራቸው ገቡና ብቻዬን ቀረሁ። የታመመ እኔ ጋ ይደውላል፤ ኳራንቲን የገባ እኔ ጋ ይደውላል፤ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የምናገረው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን ቃሉ ሁሉ አፌ ውስጥ ይንኮላኮል ጀመር። አንዱ የጽዳት ሠራተኛ በስልክ፣ "እህቴ፣ በልተሽ ጨርሺና ደውዪልኝ" አለኝ።

ፊቴን ያየ የለም። ማስክ ነበረ።

ሐኪም ቤት እንዳልሄድ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አልፎበታል። የሠራተኛውን ሁሉ ኢቃማ ሳሳድስ ኖሬ የራሴን ማለፍ ያየሁት ያኔ ነው። ይይዙኛል ብዬ ፈራሁ። ስትሮክ ነው ብዬም ፈራሁ። ሁለቱንም ይዤ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በማግስቱ አባሲያ ሠፈር በምንጋራው ክፍል እራት ስንበላ ሰዓዳ አየችኝ። የደሴ ልጅ ናት፤ ሰው ቤት በተመላላሽነት ትሠራለች።

"አንቺ፣ ግማሽሽን የት ጥለሽው መጣሽ?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀረ። "ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

"ኢቃማዬ እኮ..."

"የሚመረምሩት ኢቃማሽን አይደለም።"

ጠዋት ሠፈራችን ወዳለ የግል ክሊኒክ ወሰደችኝ። የካርድ ክፍሏ ልጅ ኢቃማዬን አይታ ስታመነታ ሐኪሙ ራሱ "ትግባ" አለ። ረጋ ያለ ሱዳናዊ ነው።

"ግንባርሽን አኮማትሪ።"

ግራው ብቻ ተኮማተረ።

"ስትሮክ ቢሆን ግንባርሽ በሁለቱም በኩል ይንቀሳቀስ ነበር። ይህ ቤልስ ፖልዚ ይባላል፤ የፊት ነርቭሽ አብጧል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት በሦስት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው ደህና የሚሠራው። ደርሰሻል።" የሕመም ፈቃድ ጽፎ ሰጠኝ። "ለሰው ኃይል ክፍል ስጪ።"

"የሰው ኃይል ክፍሉ እኔ ነኝ።"

ቀና ብሎ አየኝ።

ሙዲራችን፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ወረቀቱን ገልበጥ አደረገና "አንቺ ከታመምሽ ማን ሊፈርመው ነው?" አለ። ማስኬን አወረድኩ። ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ።

"እሺ፣ ቤትሽ ሆነሽ ሥሪ። ላፕቶፑን ውሰጂ።"

ወሰድኩት። ቀኝ ዓይኔን በፕላስተር ዘግቼ በግራዬ ሠራሁ። ፕላስተሩ ይላላል። ዓይኔ ይደርቃል። ከዚያ አሸዋ የሞላው መሰለኝ። ብርሃን ማየት አቃተኝ። ተመልሼ ሄድኩ።

"ኮርኒያሽ ቆስሏል" አለ ሐኪሙ። "አሁን ካላረፍሽ ነርቭሽ ቢመለስ እንኳ ዓይንሽ አይመለስም።"

ስልኩን አጠፋሁ። ስንት ሰው እንደሚፈልገኝ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ሰዓዳ ሥራ ከመሄዷ በፊት ጠብታውን እየጨመረችልኝ፣ ቅባቱን ቀብታ ዓይኔን እየለጠፈችልኝ፣ ስትመለስ ደግሞ ማዳሟ ከሾፌሩ ጋር የተጨቃጨቀችውን በሁለቱም ድምፅ እየተረከችልኝ ቆየን፤ አንድ ቀን የአፍንጫዬ ጎን ዝንብ ያረፈበት ይመስል ነዘረኝ፣ ከሳምንታት በኋላም ቅንድቤ በትንሹ ከፍ አለ። ዓይኔ ተረፈ። ፊቴ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ስስቅ ቀኝ ዓይኔ ይጨፈናል፣ ስበላም ያነባል። ሥራውን አጣሁ። ኢቃማዬን በብዙ ልመና ወደ አዲስ አሠሪ አዛውሬ አሁን ሳባህ አል-ሳሌም ሠፈር ባለ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ።

ሰዓዳንና ያን ሐኪም አላህ ይጠብቅልኝ። እናንተ ግን ፊታችሁ ባንድ ጎን ከከበዳችሁ ማስካችሁን አውልቃችሁ ለሰው አሳዩ፤ ስትሮክ ይሁን ሌላ እናንተ አትለዩትምና ኢቃማ ኖረም አልኖረም በዚያው ቀን ታከሙ። ዓይናችሁን ጠብቁ። ስልኩንም አጥፉት። ይቆጣሉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ። በእኔ ቦታ ሦስት ቀጥረዋል።