የሰው አገር ምርጫ

ልጄ ስልኳ ላይ እንግሊዞች መንገድ ዳር ቆመው የትኛው ፓርቲ እንደሚያሸንፍ ሲከራከሩ ታያለች። ከጎረቤት የሚመጣው የዓሣ ሽታ ግን እኔን ወደ ጫሞ ሐይቅ ዳርቻ፣ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ።

አባቴ ዓሣ እየበለተ ሬዲዮ ይሰማል። ወሬው የእንግሊዝ ምርጫ ነበር። "ገዢው ፓርቲ ዘንድሮ ይወድቃል" አለ ጮክ ብሎ። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ቢላቸውን አቆሙ። ዞር ስል የቀበሌው ሊቀመንበር ከኋላችን ቆሟል።

"የእንግሊዙን ነው" አለ አባቴ። ቅርፊት በተለጠፈበት እጁ ሬዲዮውን አሳየው። ሰውየው ትክ ብሎ አየውና ሄደ።

አጠገባችን ተቀምጠው የነበሩት አያቴ ሬዲዮውን ዘጉት። "የሰው አገር ምርጫም ቢሆን፣ ልጄ፣ ቀስ ብለህ አውራ" አሉት። ከዚያ በኋላ በራችን በተንኳኳ ቁጥር አባቴ ይደነግጥ ነበር።

"እማዬ፣ አንቺስ ማን ያሸንፋል ትያለሽ?" አለችኝ ልጄ።

ተነስቼ በሩን ዘጋሁት።