ማንን ልታዪ መጣሽ?

ካናኤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት ቢባልም ትምህርቷ ትዝ የሚላት ፈተና ሲደርስ ነው። የቀረውን ጊዜ ባቡር ላይ ናት። ፈጣኑ ባቡር ለባለጸጋ ነው፤ እሷ በየጣቢያው የሚያዛጋውን ትሳፈርና ከከተማ ከተማ እየዞረች፣ ምድር ቤት ባሉ ጠባብ የሙዚቃ ቤቶች ስማቸው ያልወጣ ዘፋኞችን ታዳምጣለች። እናቷ «እግርሽ አያርፍም እንዴ አንቺ ልጅ?» ይሏታል።

የዚያ ቅዳሜ ጉዞ ግን ለጨዋታ አልነበረም። ጊታር ያስተማራት የሰፈሯ ልጅ ቶጎ ናጎያ ከተማ ላይ ይዘፍናል። ከአኩሪ አተር ቶፉ የተባለ አይብ መሰል ምግብ የሚሠሩት የጋሽ ኤይሳኩ አንድያ ልጅ ነው። ልጁ ሱቁን ትቶ ለሙዚቃ ከሄደ ወዲህ አባትየው ስሙን አንስተው አያውቁም፤ «ያ ልጅ» ነው የሚሉት። በእነዚህ ሙዚቃ ቤቶች ደግሞ በር ላይ ገቢው ሁሉ «ማንን ልታይ መጣህ?» ይባላል። ስሙን የሚጠራለት ያጣ ዘፋኝ ዳግም አይጋበዝም።

ቶጎ ማለዳ ደውሎላት ነበር።

«ባለፈው አንድም ሰው አልጠራኝም። ዛሬም ካልተጠራሁ ጊታሩን ሸጬ አኩሪ አተር ቅቀላ ነው» አላት እየሳቀ። ሳቁ አላማራትም።

«አፍህን ዝጋ! እኔ እያለሁ? በሩ ላይ ጮክ ብዬ ነው የምጠራህ።»

ተራራው መሀል ያለው ጣቢያ ላይ ባቡሩ ሁሌም ብዙ ይቆማል፤ ባቡር መጠበቂያው ላይ ቆመው የሚበሉት ኑድል የሚሉት ትኩስ ባለ መረቅ ፓስታ አለ። በየጸደዩ የባቡር ሰዓት እንደሚቀየር አገር ያውቃል። ካናኤም ታውቃለች፤ ሆዷ ግን አያውቅም። ጎድጓዳውን ሳህን ወደ አፏ አስጠግታ መረቁን ፉት ስትል ባቡሩ ጥሏት ሄደ።

«ኧረ ቁም!» ባቡር ደግሞ መቼ ሰምቶ ያውቃል።

«ሰዓቱ ተቀይሯል እኮ፣ ልጄ» አሏት ኑድል ሻጯ አሮጊት። «ቀጣዩ ገና ነው። እስከዚያው ልጨምርልሽ?»

ካናኤ እንባዋ መጣ። ለሆዷ ስትል ጓደኛዋን ጉድ ሠራችው።

ናጎያ ደርሳ የሙዚቃ ቤቱን ደረጃ እየሮጠች ወረደች።

«ማንን ልታዪ መጣሽ?» አለቻት በረኛዋ።

«ቶጎን!»

«ውይ፣ እሱ እኮ ጨርሶ ወርዷል።»

«ይውረዳ! እኔ ቶጎን ነው ያልኩሽ።»

ልጅቷ ሳቀች። «እሺ፣ ተቆጥሮለታል። ከአንቺ በፊት የጠራው እንኳ አንድ ሰው ብቻ ነው» ብላ በአገጯ ወደ ውስጥ ጠቆመቻት።

ጎረምሳው ከሚዘልበት ኋላ፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ጋሽ ኤይሳኩ ቆመዋል። በጎማ ቦቲያቸው ናቸው፤ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈዋል። ሚስታቸውን በቀበሩ ማግስት እንኳ ዶሮ ሳይጮህ ተነስተው ሱቃቸውን የከፈቱ ሰው ናቸው።

«ጋሼ! እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ጥጡን ነቀሉ። «በሩ ላይ ያቺ ልጅ ማንን ሊያዩ መጡ አለችኝ። ልጄን አልኳት። ስሙን ካልነገሩኝ አላስገባም አለችኛ!»

ይሄኔ ቶጎ ጊታሩን አዝሎ ከጓዳ ብቅ አለ። አባቱን አላየም።

«ጠራሽኝ አይደል? አውቄያለሁ!» አላት።

«እኔማ የደረስኩት አሁን ነው» አለች ካናኤ አፍራ። «ቀድመው የጠሩህ እሳቸው ናቸው።»

ቶጎ ዞረና ክው አለ። ሽማግሌው አቀርቅረው ቦቲያቸውን አዩ።

«ቶጎ» አሉ። «ነገ ሱቁ ዝግ ነው።»